ለ«ሆድ ይፍጀው» ልጆች

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ በመጨረሻም ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋን እየተዟዟርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ጋዋኔን ካወለቅኩ ቆየሁ። ሰፈር ውስጥ ግን ስሜ አሁንም «ሲስተር» ነው። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሰው ያስቆመኛል። «ሲስተር፣ አንዴ» ይልና እጁን ከደረቱ ሥር ያደርጋል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገኝም። ጨጓራ ነው።

ድሮ እንዲህ የሚያስቆሙኝ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አሁን እናንተ በዝታችኋል። የማትሪክ ተማሪ አለ። ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ የከረመ አለ። ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ አለች። የባጃጁን ዕዳ ገና ያልጨረሰ አለ። ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ምን ልውሰድ?» መንገድ ላይ ቆሜ መልሱን በወጉ ልነግራችሁ አልቻልኩም። ይኸው ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ አንድ ልጅ ላውራችሁ። ታሪኩ እኔን አያስመሰግነኝም።

ከመንዝ የመጣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እንደ ብዙዎቹ ከጓደኞቹ ጋር ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። ስንቁ በሶና ቆሎ ነው፤ ሰው ሲመጣ ደግሞ ከቤት እንጀራ ይላክለታል። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ «ሆዴን ይነፋኛል፣ ይጮህብኛል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ያስቀምጠኛል» አለ። ሰገራው ተመረመረ፣ መድኃኒት ተሰጠው። በወሩ ተመለሰ። አሁን ማቃጠል ጨምሯል። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ተደረገለትና ተገኘበት። የሁለት ሳምንቱን መድኃኒት ሳያጓድል ጨረሰ። ትንሽ ተሻለው። ከዚያ እንደገና መጣ።

በአራተኛው ጊዜ አግዳሚው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ተቀምጦ ነበር። ደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ እኔ እንደበረደው ነው ያሰብኩት። ካርዱን ገለበጥኩ። ባክቴሪያው ጠፍቷል። ሰገራው ደህና ነው። ከኋላው ያለው ሰልፍ በሩን አልፎ ወጥቷል።

«ምንም የለብህም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እሺ ሲስተር» አለ። ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ። አምስተኛ ጊዜ አልመጣም። እኔም ድኗል ብዬ ደስ አለኝ።

ከብዙ ወራት በኋላ እናቱ ለራሳቸው ጉዳይ መጡ። ስለ ልጃቸው ጠየቅኳቸው። «አቋርጦ ገባ እኮ» አሉኝ። ሆዱ አላስቀምጥ አላስቆም ብሎት። መቼ እንደጀመረው ብጠይቃቸው እንደ ዋዛ መለሱልኝ። «በሬውን የሸጥን ሰሞን ነው።»

ለቤት ኪራዩና ለደብተሩ ብለው ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠው ነበር። አባትየው ከዚያ ወዲያ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ ነው ያረሰው። ልጁ ይህን ያውቃል። እኔ አላውቅም። አራት ጊዜ ሲመላለስ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። በእኛ አገር ልጅ የቤቱን ገመና ለሲስተር አያወራም። ሆድ ይፍጀው ይላል። ሆድም የታዘዘውን ያደርጋል።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ምንም የለብህም» ያልኩት ውሸት ነበር። ልክ የሚሆነው «በመሣሪያችን ያየነው ቁስል የለም» ብል ነበር። የሁለቱ ልዩነት ብዙ ነው። ልጁ አላስመሰለም። በእርግጥ ይነፋዋል፣ በእርግጥ ይቆርጠዋል። ሕመሙ ከየት እንደሚነሳ ነው እኔ ያልፈለግኩት።

ደግሞ እኮ ቋንቋችን ሲነግረን ነው የኖረው። ነገረኛ ሰው ጨጓራችንን ይልጠዋል። ስንናደድ ቆሽታችን ያርራል። ስንፈራ ሐሞታችን ይፈስሳል። የሰው ችግር ስናይ አንጀታችንን ይበላናል፤ ደስ ሲለን አንጀታችን ቅቤ ይጠጣል። እስቲ ከአንገት በላይ ያስቀመጥነው አንድ ስሜት ካለ ንገሩኝ። ከአንገት በላይ የምንለውማ የውሸቱን ነው።

ሐሞት ሲፈስስ በዓይኑ ያየ ሰው ቢኖር ትስቃላችሁ? አለ። ዊሊያም ቦሞንት የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 ማኪናክ በምትባል ደሴት ላይ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት ሠራተኛ ባልታሰበ ጥይት ሆዱ ላይ ተመታ። ይሞታል ሲባል ዳነ። ቁስሉ ግን ወደ ጨጓራው የሚያስገባ ቀዳዳ ትቶ ነው የሻረው። ሐኪሙ በዚያች ቀዳዳ ለዓመታት ተመለከተ። ሥጋውን፣ ዳቦውን፣ ጥሬ ጎመኑን በክር እያሰረ ያስገባና በየሰዓቱ እየጎተተ ያያል። ያየውን በ1833 በመጽሐፍ አወጣው። ሰውዬው በኃይል ሲቆጣ ሐሞት ወደ ጨጓራው እንደሚመጣ፣ ምግቡም በደህናው ጊዜ እንደሚፈጨው እንደማይፈጭ ጽፏል። (እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሆዱ ውስጥ በክር ጎመን እየሰደዱበት የማይቆጣ ሰው ማን ነው?)

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። ዋልተር ካነን የሚባል የሐርቫርድ ተመራማሪ የድመቶችን ጨጓራ በራጅ እያየ ነበር። ድመቷ ስትደነግጥ ወይም ስትቆጣ የጨጓራዋ እንቅስቃሴ ቀጥ ይላል። ስትረጋጋ እንደገና ይጀምራል። አያችሁ፣ ድመት አትዋሽም፣ ትምህርት ቤት መቅረት ፈልጋም አይደለም።

ሰው ላይ ምን እንደሚሆን በቀላሉ ላስረዳ። አንጀታችን የራሱ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ብዛታቸው ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ትልቁ መስመር ቬገስ ይባላል። የሚገርመው ግን በዚህ መስመር ከሚሄደው መልእክት የሚበዛው ከላይ ወደ ታች አይደለም። ከአሥሩ ስምንት ያህሉ የነርቭ ክር ከሆድ ወደ አንጎል የሚያወራ ነው። ስለዚህ ሐሳብ ሆድን እንደሚረብሽ ሁሉ የተረበሸ ሆድም ሐሳብን ይረብሻል። ሆዱን ሲነፋው ሰው ለምን ነጭናጫ እንደሚሆን ከዚህ ገባኝ። ባለቤቴም ሳይገባው አልቀረም፤ ዝም አለ እንጂ።

ስትደነግጡ ሰውነታችሁ ጅብ የመጣ ይመስለዋል። አድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይለቀቃል፣ ኮርቲሶል የሚባለው ሌላው ይከተላል። ደም ከሆድ እቃ ወደ እግርና ወደ ክንድ ጡንቻ ይሄዳል። ጨጓራ ሥራውን ያቆማል፤ ምግቡን ይዞ ይቀመጣል። ትልቁ አንጀት ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ጭነቱን ቶሎ ለማራገፍ ይቸኩላል። ከላይ መዘጋት፣ ከታች መጣደፍ ማለት ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ ከሚኒባስ ነው በደንብ የተማርኩት። አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር የተቃጠለ ፍሬን ሸተተን። ሾፌሩ ዝም። ረዳቱ ዝም። አንዲት እናት «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ገደሉ ከጎናችን ነው። እንደምንም በማርሽ እየያዘ ደብረ ሲና አደረሰን። ቆሎ የሚሸጡት ልጆች እንደ ልማዳቸው መስኮቱን ከበቡት፤ አንድ ሰው አልገዛም። ቁርስ ቤት ተገባ፤ ፍርፍሩ ቀረበ፤ የነካው የለም። ሽንት ቤቱ በር ላይ ግን ሰልፍ ነው። ሾፌሩ ራሱ ሦስተኛ ቆሞ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሳቅ ተጀመረ። ያኔ ሁሉም ፍርፍሩን አሞቁልን አለ።

ያ ጤነኛ ሆድ ነው። ፈራ፣ ተዘጋ፣ ተጣደፈ፣ ተረጋጋ፣ ራበው። የእናንተ ችግር ቁልቁለቱ አለማለቁ ነው። ጅብ ያልፋል። ኪራይ ግን በየወሩ ይመጣል። ፈተናውም አንድ ዓመት ሙሉ ከፊት ቆሞ ያፈጣል። ሆድ ለግማሽ ሰዓት የተሠራለትን አደጋ ለአሥር ወር ሲሸከመው ነርቮቹ ይሳላሉ። ከዚያ ወዲያ ተራ ነገር ያማቸዋል። ለሌላ ሰው ምንም የማይመስል ጋዝ ለእናንተ ቢላ ይሆናል። ሐኪሞች አይ ቢ ኤስ የሚሉት የአንጀት ችግር አብዛኛው ጠባዩ ይህ ነው። አንጀቱ በካሜራ ቢታይ ንጹሕ ነው። አንዱን ያስቀምጠዋል፣ አንዱን ያደርቀዋል፣ አንዱን ያፈራርቅበታል።

«አትጨነቁ» ልላችሁ አይደለም። ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው እኔንም ያበሳጨኛል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር የሰማ ተማሪ ባይጨነቅ ነው የሚገርመኝ። ጭንቀታችሁ ምክንያት አለው። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ፈልጉት።

ከበሬው ወዲህ እኔ ሥራዬን በዚህ ጥያቄ ነበር የምጀምረው። «መቼ ጀመረህ?» ሰው «ቆየ» ይላል። «ቆየ» መልስ አይደለም። በቀን ባታስታውሱት በበዓል አስታውሱት። ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ጾም ገብቶ ነበር? ቀኑ ሲገኝ «ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ምን ነበር?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ይመጣል። ዝምታው ሲረዝም መልሱ እየመጣ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዷ እጮኛዋ ጥሏት ነው። አንዱ እቁብ በልቶ መክፈል አቅቶት ነው። አንዷ ለደላላ የሰጠችው ገንዘብ ቀልጦ ነው። ቀኑ መገኘቱ ገንዘቡን አይመልስም፤ በሬውንም አይመልስም። ግን ልጅቷ «ካንሰር ይሆን?» ብላ ሌሊት ሌሊት መነሳቷን ትተዋለች። እሱ ፍርሃት ብቻውን ግማሽ ሕመም ነበር።

እንዲህ ስመክር ኖሬ እኔው ራሴ ወደቅኩበት።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ወደ ደብረ ሲና ሲገፋ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር። ቀን ሥራ ነው። ማታ ስልክ ነው፤ ዘመድ የት ደረሰ፣ ማን ቀረ። ያን ሰሞን ሆዴ አልተሰማኝም። ሁሉም ነገር ሲረጋጋ ነው የጀመረኝ። ቃር፣ ማቅለሽለሽ፣ ሁለት ጉርሻ ስቀምስ ጥግብ ማለት። ከሳሁ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለራሴ አዘዝኩ። የአብሽ ውሃ ጠጣሁ። ተልባ ጠጣሁ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ ኢንዶስኮፒ፣ በጉሮሮ የሚገባውን የጨጓራ ካሜራ፣ ተነሣሁ። ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። ወረቀቱን አስቀመጠና «ሲስተር፣ መቼ ነው የጀመረዎት?» አለኝ።

የራሴ ጥያቄ! ለሺህ ሰው ስጠይቀው የኖርኩትን አንድ ቀን ለራሴ አላልኩትም ነበር። «ከኅዳር ወዲህ» አልኩና አፌን ያዝኩ። ከዚያ አለቀስኩ። እዚያው ወንበሩ ላይ። ልጁ ሶፍት አቀበለኝና ዝም ብሎ ጠበቀ። ከሰጠኝ መድኃኒት ይልቅ ያ ዝምታ ነው የሚታወሰኝ።

አሁን እንዳትሳሳቱብኝ። ሁሉም የሆድ ሕመም ጭንቀት ነው አላልኩም። ድሮ እኛ ስንማር የጨጓራ ቁስል የጭንቀትና የአሲድ ነው ይባል ነበር። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የሚባሉ አውስትራሊያውያን ይህን ገለበጡት። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመና አሳየ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ አብዛኛው ቁስል ከሁለት ነገር እንደሚመጣ እናውቃለን፦ ከባክቴሪያውና ከሕመም ማስታገሻ ክኒኖች። ጭንቀት ግን ከጨዋታው አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ኮቤ ላይ ከባዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ የሚደማ የጨጓራ ቁስል በዛ። ባክቴሪያው አስቀድሞ ብዙዎቹ ሆድ ውስጥ ነበረ። ድንጋጤው ቀሰቀሰው። ክብሪትና ጭድ አድርጋችሁ አስቡት።

ስለዚህ መመርመሩን አትተዉ። ግን በወጉ ተመርመሩ። የባክቴሪያው የደም ምርመራ ባክቴሪያው ከሞተም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት ያንኑ መድኃኒት ሦስቴ የወሰደ ልጅ አውቃለሁ። መዳናችሁን ለማወቅ የሰገራው ወይም የትንፋሹ ምርመራ ይሻላል። እሱም መድኃኒቱን ጨርሳችሁ ቢያንስ አንድ ወር ከቆያችሁ፣ ኦሜፕራዞልንም ሁለት ሳምንት ካቆማችሁ በኋላ ነው። መድኃኒቱን ስትጀምሩ ደግሞ በአምስተኛው ቀን ተሻለኝ ብላችሁ አትተዉት። ኦሜፕራዞል የታዘዘላችሁ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት ዋጡት። በልታችሁ፣ አቃጥሏችሁ፣ ከዚያ የምትውጡት ብዙም አይጠቅማችሁም።

ሆድ በጮኸ ቁጥር «አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው» ብሎ ሳይመረመሩ መድኃኒት መግዛትም ይብቃ። ከሁሉ የምፈራው ግን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ነው። በጭንቀት ራሱ ይመታል። ለራስ ምታቱ ክኒን በባዶ ሆድ ይዋጣል። ክኒኑ ጨጓራ ይልጣል። ሆዱ ስላመመ እንቅልፍ የለም፤ እንቅልፍ ስለሌለ ራስ ይመታል። በዚህ አዙሪት ውስጥ እየዞረ የሚኖር ወጣት ስንቱን አየሁ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችንም ልንገራችሁ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ደም ካለው። የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁርበት ይችላል፤ ሌላው ግን አይጠብቅ። ትውከቱ ደም ወይም የቡና አተላ ከመሰለ። ሳትፈልጉ ከከሳችሁ። ምግብ ሲዋጥ ከተያዘ። ሕመሙ ወይም ተቅማጡ ከተኛችሁበት ከቀሰቀሳችሁ። ከእነዚህ አንዱ ካለ የእኔን ደብዳቤ አስቀምጡና ሐኪም ቤት ሂዱ። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ካለም እንዲሁ ነው፤ ይኼኛው እንዲያውም ዛሬውኑ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ መሄድ ማበድ አይደለም። ጥርስ ሲያም ጥርስ ሐኪም ጋ ትሄዱ የለ?

ሰፈሩን ስለማውቀው ጥቂት ነገር ልጨምር። በርበሬ ቁስል አይፈጥርም፤ ያለውን ግን ይቆሰቁሳል። ቡና በባዶ ሆድ ለአንዳንዱ ምንም አይደል፤ የእናንተን ሆድ እናንተ ታውቁታላችሁ። ለጥናት ብሎ ጫት የጀመረ ልጅ ግን ምግብ ይረሳል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ እንቅልፉ ይሰደዳል፤ ከዚያ ለማረፍ አረቄ ይከተላል። የአገራችን አረቄ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በሶ ጥሩ ምግብ ነው። ቀን ሙሉ ጾም ውሎ ማታ አንድ ትሪ ከመዋጥ በቀን ሦስቴ ትንሽ ትንሽ በሰዓቱ መብላት ይሻላል። ሆድ ሰዓት ይወዳል። ጨጓራችሁ በጾም ከተነሣባችሁ ደግሞ ከሐኪሙም ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩ። ብዙዎቹ አባቶች ከእናንተ ይልቅ ለሆዳችሁ ያዝናሉ።

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ወርዳችሁ ጠበል የምትጠጡም አላችሁ። ሂዱ፤ እኔም ሄጃለሁ። መድኃኒታችሁን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ የጀመራችሁትን አታቋርጡ። እዚያ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ሰው በጊዜ ይተኛል፣ በጊዜ ይነሣል፣ ስልኩን ይረሳል። ከማያውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ከተማ ውስጥ ለማንም ያልተናገረውን ያወራል። እንግዲህ ምኑ እንደሚያድን ለይቶ የሚናገር እሱ ያውቃል።

ትንፋሽን ደግሞ አትናቁ። እኔም ንቄው ነበር። ቬገስ ያልኳችሁን ነርቭ በእጃችሁ ልትነኩት አትችሉም፤ በዝግታ ስትተነፍሱ ግን ያዳምጣችኋል። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ መለኪያ አላችሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ፈረቃ ስትወጡ ትንፋሻችሁ እንደ ጭስ ይታያል። በአፍንጫ ሳቡ፣ ሆዳችሁ ይነፋ። ከዚያ ጭሱን አርዝሙት። ሳትጨናነቁ፣ ቀስ እያላችሁ፣ ቀጭንና ረጅም ጭስ። አሥር ጊዜ ያህል። ሰው ቢያያችሁ በረደው ይላል እንጂ ሌላ አይጠረጥርም። ፈተና ክፍል በር ላይም ይሆናል፣ ቃለ መጠይቅ በር ላይም ይሆናል። ስትተኙ በጀርባችሁ ሆናችሁ እጃችሁን እምብርታችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። አንዳንዴ ሆዳችሁ ጉርርር ይላል። አትፈሩ፤ ሥራ መጀመሩ ነው።

የመጨረሻው ስለ ሐኪም ቤት ነው። እናንተ ሄዳችሁ «ሆዴን ያመኛል» ብላችሁ ዝም ካላችሁ፣ እንደ እኔ ሰልፍ ያስጨነቀው ባለሙያ ወረቀት ይጽፍላችኋል። ቀኑን ራሳችሁ ንገሩት። «ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ያን ሰሞን ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ነበር» በሉት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጊዜ አይወስድም። «ምንም የለብህም» ካላችሁ «ያመኛል እኮ፤ ታዲያ ከምን ይሆን?» ብላችሁ ቁጭ በሉ። አትነሡ። ያ ልጅ ያን ቀን ባይነሣ ምን ይፈጠር ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ልጁን አሁንም አገኘዋለሁ። ትምህርቱን አልተመለሰበትም። በግ ነጋዴ ሆኗል፤ ከመሐል ሜዳ እየጫነ ደብረ ብርሃን ያወርዳል። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ይቅርታ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ምኑን እንደሆነ አልገባውም ነበር። ሲገባው ዞር ብሎ አንዱን ሙክት እግሩን ያዘና ለረጅም ጊዜ ሰኮናውን ሲያይ ቆየ። ሆዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት። መንገድ ሲዘጋና በጎቹ መኪና ላይ ሲያድሩ ይነሣብኛል አለ። ሌላውን ጊዜ ደህና ነው። አባቱ ሁለተኛ በሬ እንደገዙም ነገረኝ፤ ከየት በመጣ ገንዘብ እንደሆነ ግን አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሲያየኝ ሆዱን በመዳፉ ይመታና በገበያው ሁሉ ፊት ይጮህብኛል። «ሲስተር! ዛሬም ምንም የለብኝም!»